ለትንሿ የምስራች ማን «ምስር ብላ» ይበል?

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት ጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጣል አድርገው በካፊያ ወደ ግቢያችን ገቡ። ፊታቸው በርቷል። «አቮካዶዬ አፈራ!» አሉ። ሰላምታ እንኳ አልቀደመውም።

ለጅማ ሰው ይሄ ወሬ አይደለም። እዚህ አገር አቮካዶ የሌለበትን ግቢ ፈልጎ ማግኘት ነው የሚከብደው። ወቅቱ ሲደርስ መንገድ ዳር ይከመራል፤ ጎረቤት ለጎረቤት በፌስታል ይላላካል። የእማማ ዛፍ ግን ታሪክ አለው። የመጨረሻ ልጃቸው ለትምህርት ከቤት የወጣ ዓመት የበሉትን አቮካዶ ፍሬ ጓሮ ውስጥ ቀበሩት። በቀለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ «ወንድ ነው፣ አያፈራም፣ ያስቆርጡት» ሲላቸው ከረመ። እሳቸው ግን አላስቆረጡትም።

እንግዲህ ይህን ወሬ ይዘው ሲመጡ ቡና ላይ አራት ሰዎች ነበርን። አንዱ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ጥሩ ነው» አለ። ሌላው «አይ እማማ፣ ጦጣ መች ያስቀርልዎታል!» አለና ሳቀ። እኔ፣ ሲያሳፍር፣ «በእናንተ በኩል ውሃ መጣ እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለቤቴ ብቻ ሲኒውን አስቀምጣ ብድግ አለች። «እውነት! ስንት ያዘ? የቱ ጋ ነው? ቆይ ነጠላ ልደርብና ልየው።» ተያይዘው በዝናቡ ወጡ። ሲመለሱ ሁለቱም እግራቸው ጭቃ ነው፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ቡናው ቀዝቅዟል። «ሦስት ነው!» አለች ባለቤቴ። እማማ ያዩት ሁለቱን ብቻ ነበር። ሦስተኛውን ቅጠል ስር ያገኙት አብረው ሲፈልጉ ነው።

ይህ ነገር ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

አማርኛችን ለደስታ ወሬ ጥሩ በር ሠርቷል። አንድ ሰው «የምስራች!» ሲል ሰሚው «ምስር ብላ!» ማለት አለበት። ያን ሳይል ወሬው አይነገረውም። አብሳሪው ባዶ እጁን አይመለስም፤ «የምስራቼን አምጡ» ብሎ ይጠይቃል፣ ይሰጠዋልም። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ረቂቅ ሥርዓት ነው። ሰሚው ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ አስቀድሞ ለመደሰት ይስማማል። ደስታው ከመምጣቱ በፊት ወንበር ይዘጋጅለታል።

ችግሩ ይሄ በር ለትልልቁ ብቻ ነው የሚከፈተው። ልጅ ሲወለድ፣ ተማሪ ማትሪክ ሲያልፍ፣ ቪዛ ሲመታ፣ የታሰረ ሲፈታ። ለአቮካዶ «የምስራች» የሚል ሰው አላየሁም። ሌላው ወሬያችን ሁሉ የሚገባው በሌላ በር ነው። «ጉድ ሰማህ?» ብትለው የማይቆም ሰው የለም። «አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ» ብትለው ግን ብድር ልትጠይቀው መስሎት ኪሱን ይዳብሳል። ስንገናኝ «ምን አዲስ ነገር አለ?» እንባባላለን። መልሱ የታወቀ ነው። «ምንም፣ ሰላም ነው።» ሰባት ዓመት የተጠበቀ ዛፍ ያፈራበት ቀን እንኳ ቢሆን «ምንም» ነው የምንለው።

አፋሮች በዚህ ይበልጡናል። ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ። የት ዝናብ ጣለ፣ የት ሣር በቀለ የሚለውም ከወሬው ውስጥ ነው። እርግጥ ለአርብቶ አደር ዝናብና ሣር ትንሽ ነገር አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ግን አጠያየቁ ነው። «ምንም» ተብሎ አይታለፍም።

እኛም ጋ ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም። በአባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ የዚህ አካባቢ ትልቅ ገበያ ነበር፤ ቡናና ማር ይወጣበታል፣ አሞሌ ጨው ይገባበታል፣ ወሬም አብሮ ይገበያያል። እኔ በደረስኩበት ዘመን እንኳ ከሐሙስ ገበያ የተመለሰች ሴት ዘንቢሏን ስታራግፍ እያንዳንዱ ነገር ታሪክ ነበረው። ይሄ ማር የማን ነው፣ ከየትኛው አበባ ነው፣ ይሄ ዝንጅብል እንዴት እንደሚያቃጥል ቅመሱት። አሁንም ዘንቢል ይራገፋል። የሚወራው ግን ዋጋ ብቻ ሆኗል። ሽንኩርት ስንት ገባ፣ ዘይት ስንት ገባ። አልፈርድም፤ እኔም የማወራው ያንኑ ነው።

ነገሩ በዚህ ዘመን የባሰበት ግን በኑሮ ብቻ አይደለም። ጅማም እንደሌላው ከተማ ቀኗን የምትጀምረው በስልክ ነው። ቴሌግራም ይከፈታል፣ ፌስቡክ ይከተላል፣ ቲክቶክ ይቀጥላል። ሰው ከአልጋው ሳይወርድ የሦስት አገር መዓት ይደርሰዋል። ይሄ እንዲሁ የሆነ አይደለም፣ ገበያ አለው።

አፕዎርዚ የሚባል የአሜሪካ ድረ ገጽ አለ። በ2012 ሲከፈት (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ዓላማው ልብ የሚያሞቅ፣ ተስፋ የሚሰጥ ወሬ ማሰራጨት ነበር። ለአንዱ ታሪክ ብዙ ርዕስ እየጻፈ የትኛው ይበልጥ እንደሚከፈት ይሞክር ነበር። ተመራማሪዎች እነዚያን ወደ 105,000 የሚጠጉ የርዕስ አማራጮች ሰብስበው መረመሩና ውጤቱን በ2023 አወጡ። ርዕሱ ላይ አንድ ክፉ ቃል በተጨመረ ቁጥር የመከፈት ዕድሉ በ2.3 በመቶ ከፍ ይላል። ደግ ቃል ሲጨመር ደግሞ ዝቅ ይላል። ለደግ ወሬ ተብሎ በተከፈተ ቤት ውስጥ እንኳ የሚሸጠው ክፉው ቃል ነው ማለት ነው።

ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሣር ውስጥ ያለችውን አበባ ያላየ ሰው ምንም አይሆንም፤ ነገ ያያታል። እባቡን ያላየ ግን ነገ የለውም። አእምሯችን ከዚያ ዘመን ይዞት የመጣው ጥንቃቄ ነው። ድሮ እባቡ በወር አንዴ ነበር የሚመጣው። አሁን በየሁለት ደቂቃው በስልክ ይመጣል፣ ያውም የሩቅ አገር እባብ።

ስለዚህ ትንሿ ደስታ ራሷን ችላ አትሮጥም። ተሸካሚ ያስፈልጋታል። ከተሸካሚውም ይበልጥ ተቀባይ ያስፈልጋታል ባይ ነኝ።

ይህን በደንብ ካጠኑት ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሼሊ ጌብል ናቸው። ሰው ክፉ ሲገጥመው ማን ይደግፈዋል የሚለው ጥያቄ ብዙ ተጠንቷል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2004 ባወጡት ጥናት የጠየቁት ሌላውን ነው። ደግ ነገር ሲገጥመውስ? ሰዎች የየቀኑን ውሏቸውን እንዲመዘግቡ አደረጉ። የገጠማቸውን ደግ ነገር ለሌላ ሰው በተናገሩበት ቀን ስሜታቸው ይበልጥ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ራሱ ካመጣው ደስታ በላይ ማለት ነው። መናገሩ የራሱ ትርፍ አለው።

ግን ሁሉም ሰሚ እኩል አይደለም። ተመራማሪዎቹ የሰሚን መልስ በአራት ከፈሉት። ሳነበው የዚያ ጠዋት ቡናችን ፊቴ ድቅን አለ። የመጀመሪያው አብሮ የሚነሳ መልስ ነው፤ ይጠይቃል፣ ዓይኑ ይበራል። ባለቤቴ ናት። ሁለተኛው ለስለስ ያለ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። ሦስተኛው እንከን ፈላጊ ነው፤ ጦጣ ይጠራል። አራተኛው ጭራሽ ያልሰማ ነው፤ ስለ ውሃ ይጠይቃል። አራተኛው እኔ ነኝ።

እኔን የገረመኝ ሁለተኛው ነው። «ጥሩ ነው» ያለው ሰው ምን አጠፋ? ጨዋ ነው፣ አልተቃወመም፣ አላሾፈም። በትዳርና በፍቅር ባሉ ጥንዶች ላይ ሲታይ ግን ከጥሩ ግንኙነት ጋር አብሮ የሚሄደው የመጀመሪያው ዓይነት መልስ ብቻ ሆነ። «ጥሩ ነው» ከእንከን ፈላጊውና ካልሰማው ጋር አንድ ወገን ተሰለፈ። ጌብል ከሌሎች ባልደረቦች ጋር በ2006 ደግሞ ሌላ ነገር አገኙ። የፍቅረኛሞች ግንኙነት ጤንነት ይበልጥ የሚታየው አንዱ ክፉ ሲገጥመው ሌላው በሚሰጠው መልስ ሳይሆን ደግ ሲገጥመው በሚሰጠው መልስ ነው። ሐዘን ላይማ ሁላችንም እንደርሳለን። እድር አለን፣ ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን። ለአቮካዶ እድር የለንም።

ለምን ይሠራል? ሲነገር ሰውዬው ነገሩን ደግሞ ይኖረዋል። ቃል ፍለጋ ውስጥ ትዝታው ይጸናል። ሰሚው ሲጠይቅ ደግሞ ተናጋሪው ራሱ ያላየው ይወጣል። የእማማ ሦስተኛ ፍሬ እንዲያ ነው የተገኘው። «ስንት ያዘ?» የሚል ሰው ባይኖር ሁለት ሆኖ ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ አገርኛ ፈተና አለ። ደስታን መናገር እኛ ጋ አደጋም ነው። ዓይን አለ። እርግዝና እስኪገፋ አይወራም፣ ጉዞ ቲኬት እስኪቆረጥ አይነገርም፣ ሥራ እስኪያዝ ይደበቃል። ያለንን ነገር የሰው ዓይን እንዳይበላው ዝም ማለት ብልህነት ነው። ደግሞ ጉራ አለ። የመኪና ፎቶ፣ የዱባይ ፎቶ፣ የአዲስ ሶፋ ፎቶ። ተመልካቹ «እንኳን ደስ ያለህ» ይጽፋል፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። ደስታ ማካፈልና ደስታ ማሳየት ተደባልቀውብናል።

መቼም ባህሉ ችግሩን ብቻ ፈጥሮ አልሄደም። መድኃኒቱንም አብሮ አስቀምጧል። «ከዓይን ያውጣው» የሚባለው ለዚህ ነው። ጅማ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ በላይ የምትሰሙት «ማሻ አላህ» ነው። ሕፃን ታዩ እንደሆነ፣ ያማረ ልብስ ለብሳችሁ ብትመጡ፣ ላም ብትወልድ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይላታል። ስታስቡት ማሻ አላህ ፍጹም የሆነ የሰሚ መልስ ነው። አይቻለሁ፣ ደስ ብሎኛል፣ አልመኝብህም፤ ሦስቱንም በአንድ ቃል። እማማ ያን ቀን ከባለቤቴ ሦስቴ ሰሟት። ከእኔ አንዴም አልሰሙም።

ሌላም ነገር አለ። እኔ የምላቸው ትንንሽ ግኝቶች ዓይን አይፈሩም፤ ባለቤት የላቸውም። መኪናዬን ባሳይህ መኪናው የእኔ ነው። የቡና አበባን ባሳይህ ግን አበባው የሁለታችንም ነው።

ስለ ቡና አበባ ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት። በበጋ የቡናው እምቡጥ ተኝቶ ይከርማል። አረንጓዴ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ማንም አያየውም። ከዚያ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ይጥላል። ዝናቡ ይቀሰቅሰዋል። ከስምንት፣ ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጠዋት ስትነሱ ጓሮው በሙሉ ነጭ ነው። ማታ አልነበረም። ሽታው እንደ ጠንበለል ነው፣ ከአጥር አልፎ መንገድ ላይ ይጠብቃችኋል። ንቦች ያብዳሉ። ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ ከዚያ ይጠወልጋል። ፍሬው እስኪቀላ ደግሞ ሰባት ስምንት ወር ነው። ቡና በዓለም ተጠጥቶ ያበቃል፣ አበባውን ያሸተተው ግን ስንት ነው? የቡና አገር ሰው ነን የምንለው እኛ እንኳ ሁለቱን ቀን በስብሰባና በሰልፍ እናሳልፋቸዋለን።

አንድ ዓመት ከፈረንጅ አራዳ ወደ ጂረን አቅጣጫ በባጃጅ ስሄድ ልጁ መሀል መንገድ ላይ ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ነዳጅ አለቀበት ብዬ መናደድ ጀምሬ ነበር። «ጋሼ፣ አንዴ ያሽትቱማ» አለኝ። አሸተትኩ። የአጥሩ ውስጥ ቡና ነጭ ሆኗል። «ከጠዋት ጀምሮ ያሳፈርኩትን ሁሉ እዚህ እያቆምኩ ነው» አለ። አንዲት ሴትዮ ወርዳ ቅርንጫፉን አቅፋ እንዳለቀሰች ነገረኝ፤ ለምን እንዳለቀሰች አልጠየቃትም። ሂሳብም አልጨመረም። ይህ ልጅ ስለ ሥነ ልቦና ጥናት ያነበበ አይመስለኝም። ተቀባይን እንዴት እንደሚሠሩት ግን ያውቃል። ሞተሩን ማጥፋት ነው።

ስለ ደስታ ሲጻፍ አንድ የምፈራው ነገር አለ። «አዎንታዊ አስብ» የሚሉ ሰዎች። ማይክ ይዘው «ሁሉም ነገር አእምሮህ ውስጥ ነው» የሚሉት። ደሞዙ ወሩን የማያደርስለት ሰው ችግሩ አእምሮው ውስጥ አይደለም፣ ኪሱ ውስጥ ነው። ልጇ የጠፋባት እናት ፊት ስለ አበባ ማውራት ደግሞ ድፍረት ነው። ግኝት ማካፈልን ከዚህ ጋር የሚያምታታ ሰው ሲያጋጥመኝ ይከፋኛል። እማማ «ደስ ይበላችሁ» አላሉንም። ያዩትን ነው የነገሩን። ትእዛዝና ወሬ ይለያያሉ።

ሐዘንና ሳቅም የሚመስለንን ያህል ጠላቶች አይደሉም። ሰልስት ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ይለቀሳል። ከዚያ አንዱ ሟቹ የሠራውን ቀልድ ያነሳል፣ ድንኳኑ በሳቅ ይሞላል፣ ሟቹን ያጣችው ሴት ራሷ እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። ማንም አይነወርበትም። ቅደም ተከተሉ ግን አለ። ሳቁ ከለቅሶው በፊት አይመጣም። መጀመሪያ መስማት፣ ከዚያ ማውራት።

አሁን ደግሞ ከመናገሩ በፊት ስላለው ነገር፣ ስለ ማየት። በ1978 የወጣ የታወቀ ጥናት አለ። በአሜሪካ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ሎተሪ የደረሳቸው 22 ሰዎች፣ ምንም ያልደረሳቸው 22 ሰዎች፣ በአደጋ ሰውነታቸው ሽባ የሆነ 29 ሰዎች ተጠየቁ። ሎተሪ የወጣላቸው ሰዎች ካልወጣላቸው ይበልጥ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም። ይባስ ብሎ እንደ ቁርስ መብላት፣ ከጓደኛ ጋር ማውራት፣ ቀልድ መስማት የመሳሰሉ የዕለት ነገሮች የሚሰጧቸው ደስታ ካልወጣላቸው ሰዎች ያነሰ ነበር። ጥናቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠራ ነው፤ ብዙ አልደገፍበትም። የሎተሪ ቲኬቴንም አልጥልም፣ እውነቱን ለመናገር። ነገር ግን ትልቁ ደስታ የትንንሾቹን ዋጋ ሊያወርድ ይችላል የሚለው ሐሳብ ይከነክነኛል።

ማየት ይለመዳል ወይ? ይለመዳል። በ2020 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት 52 አረጋውያንን ለስምንት ሳምንት በሳምንት አንዴ የ15 ደቂቃ እግር ጉዞ አስወጣቸው። ግማሾቹ ዝም ብለው ሄዱ። ግማሾቹ «የሚያስገርም ነገር ፈልጉ» ተባሉ። ሁሉም የራሳቸውን ፎቶ እያነሱ ይልኩ ነበር። ግኝት ፈላጊዎቹ ሳምንቱ በጨመረ ቁጥር ፎቶው ውስጥ ፊታቸው እየጠበበ፣ ከኋላቸው ያለው ዓለም እየሰፋ መጣ። ፈገግታቸው ደግሞ ጨመረ። ሰውዬው ሲያንስ ሳቁ ሲበዛ ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ቦዬ ረግረግ ድረስ ሄጄ ነበር። ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ የደፋ ረጅም ወፍ አየሁ፤ ሁለት ሆነው ጭቃውን ይለቅማሉ። እዚህ ከተማ ስንት ዓመት ኖሬ አላውቃቸውም ነበር። አጠገቤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነበር። «እነሱማ ሁልጊዜ እዚህ ናቸው» አለኝ፣ ዘግይተው እንደደረሱ ዘመድ እያየኝ።

መጻፍም አለ። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ካላንደር በየቀኑ ሳጥን አንዳንድ መስመር መጫር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዓይን የሚሞላ ነገር አይደለም። «ዳቦ ቤቱ ገና ከምድጃ የወጣውን ሰጠኝ፣ እጄ ተቃጠለ።» «ጉሬዛ ከነልጇ ዋንዛው ላይ።» «መብራት ጠፍቶ ልጆቹ ተረት አወሩ።» ስጽፈው እንኳን ለሰው ለራሴም የሚረባ አይመስለኝም ነበር። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ ይላል። ተማሪዎች ያን ሰሞን ያወሩትን ወሬ፣ የሰሙትን ዘፈን ጽፈው እንዲያስቀምጡ ተደረገ። ከሦስት ወር በኋላ ሲከፍቱት ምን ያህል እንደሚያስደስታቸው አስቀድመው ሲጠየቁ ዝቅ አድርገው ነበር የገመቱት። ሲከፍቱት ግን ከገመቱት በላይ ሆነባቸው። ተራ ቀን ሲያልፍ ይጣፍጣል። ካልተጻፈ ግን አይገኝም።

የስልኩ ነገር ይቀረኛል። ስልክን ወቅሼ ላልፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም አክስቶቼ ሁሉ ውስጡ ናቸው። የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ አርባ ምናምን ሰው አለው። በየጠዋቱ ጽጌረዳ ይገባል። ከታች «መልካም ቀን ለሁላችሁም» የሚል ጽሑፍ አለ፣ ዳር ዳሩ ያብለጨልጫል። ማን እንደሠራው አይታወቅም፣ ከሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ ተደርጎ ነው የሚመጣው። መልሱ «አሜን» ነው፤ አንዳንዴ አውራ ጣት። እነዚያን ጽጌረዳዎች ማንም አላያቸውም። የላኪው ዓይን አላረፈባቸውም። ደግ ምኞት ናቸው፣ ክብር ይገባቸዋል፣ ግን ማንም «የት ነው ያየሽው?» ብሎ አይጠይቅም።

አንድ ማታ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያችንን ሲደበድበው ስልኬን አውጥቼ ሃያ ሰከንድ ቀዳሁት። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድባታል፤ የዝናብ ድምፅ እኛ ጋ ከአቮካዶም ይረክሳል። ምንም ሳልጽፍበት ግሩፑ ላይ ለቀቅሁት። ጅዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በድምፅ መለሰች። ዝም ብላ ትንሽ ቆየች። ከዚያ «ድገመው» አለች። ደገምኩት። ከእሷ በኋላ አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ገባ፦ «ያ የሚንጠባጠበው ጥጉ ላይ አልተደፈነም እንዴ እስካሁን?» ብሎ። እናቱ «ባልዲው ከስሩ ነው» አሉት። ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት ስለዚያ ባልዲ ወሬ ሆነ። ማን ይደፋው ነበር፣ ማን ረስቶት ምንጣፉ ራሰ፣ ማን ተገረፈ። ግሩፑ ከተከፈተ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ሰው ተናግሮበት አያውቅም። የኔ ድርሻ ሃያ ሰከንድ ነበር። ሌላውን «ድገመው» ያለችው ናት የሠራችው።

በኦሮምኛ ቡና ሲመረቅ «ቡና ፊ ነጋ ሂን ዳቢና» ይባላል። ቡናና ሰላም አትጡ ማለት ነው። ቡናው ጀበና ብቻ እንዳልሆነ የጅማ ሰው ያውቃል። ለመጠጣትማ ብቻህንም ትጠጣለህ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ የሚያስቀምጠን ወሬው ነው። አቦል ላይ ክፉ ወሬው ያልቃል። በረካ ላይ ነው ሰው ትንንሹን ነገር የሚያስታውሰው፣ ሳይቸኩል ከቆየ። አሁን አሁን ብዙ ቦታ በረካ ሳይደርስ እንነሳለን።

ትናንት እማማ እንደገና መጡ። አልዘነበም፣ ነጠላቸውም ትከሻቸው ላይ ነው። በሩ ላይ ቆመው «የምስራች!» አሉ። ስልኬን አስቀመጥኩ።

«ምስር ይብሉ!» አልኳቸው።

«ጦጣው መጣ።»

«ውይ! እና?»

«ሁለቱን በላ» አሉ፤ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ቅጠል ስር ያለችውን አላያትም!»

ነጠላ ስለሌለኝ ጃኬቴን ደርቤ ተከተልኳቸው።